በጓሮዬ የደፈንሁት ኮር

ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ ማንያህልሻል፣

ሰላምታዬን ባስቀድም ኖሮ እንደ ወትሮው ከሰላምታው ሥር ተደብቄ ደብዳቤውን እጨርሰው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ክፉውን አስቀድማለሁ። ካቻምና በላክሁልሽ ፎቶግራፍ ላይ ከምግብ ቤቴ ጀርባ ተደርድረው የሚታዩት የመኝታ ክፍሎች፣ አንቺም "ወንድሜ ጁባ ላይ ቦታ ገዝቶ ሠራ" እያልሽ ለጎረቤት ሁሉ ያሳየሻቸው፣ በገዛሁት ቦታ ላይ የቆሙ አይደሉም። የቆሙት በውኃ መንገድ ላይ ነው። ደፍኜ ነው የሠራኋቸው። ይህንንም ካንቺም፣ ከንስሐ አባቴም፣ እዚህ አብረውኝ ከሚኖሩትም ሰዎች ደብቄ ኖሬያለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? ጋሼ ብርሃነመስቀልን ያ ሳል ለቀቃቸው? ፋሲካውስ እንዴት አለፈ? በልጉ ዘንቦላችኋል ወይስ እንደ አምናው አታለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ወባውም ከጾሙ ወዲህ አልጎበኘኝም። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ማዕዴን ትቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። በዓለ ኀምሳ ባይሆን ኖሮ ሰግጄ ሰግጄ ቢያንስ ሰውነቴን አደክመው ነበር፤ አሁን ግን ስግደት የለም፣ ጾም የለም፣ ከራሴ ጋር ቁጭ ብዬ መተያየት ብቻ ነው የቀረኝ።

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ለብቻሽ አንብቢው። ለቢታንያ እንድታነብልሽ አትስጫት፤ ልጅቱ ጥቂት ጊዜ እንኳ አጎቷን ታክብረው።

የምኖርበትን ሰፈር ኮር ዊሊያም ይሉታል። ኮር ማለት እዚህ በበጋ አሸዋው የሚሰነጠቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን እንደ እብድ የሚሮጥ ጅረት ነው። ከእኔ ግቢ ጀርባ ሲደርስ ይታጠፍና፣ መታጠፊያው ላይ ሰፋ ብሎ ይተኛ ነበር። እዚያ የተኛበት ረግረግ ሁሉ ቄጠማ ነበር እትዬ። በ1999 ዓ.ም. እዚህ ስመጣ፣ ባለቤቴን ዝማሬን ከቀበርን ዓመት ሳይሞላ፣ ያን አረንጓዴ ባየሁ ጊዜ አለቀስሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? በዚህ አቧራና ግለት ውስጥ የሀገሬን ቄጠማ እግዜር ጓሮዬ ድረስ ያመጣልኝ መሰለኝ።

ታውቂናለሽ፤ እኛ ሰዎች የትም ብንሄድ ምግብ ቤት ከፍተን ወለሉን ሳንጎዘጉዝ እንግዳ መቀበል አይሆንልንም። መጀመሪያ ለራሴ ቤት ብቻ በማጭድ አጭድ ነበር። ከዚያ አማራት ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ጌታቸው ላክልኝ አለ። ያንን ያዩ ሌሎችም ጠየቁ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለክርስትና፣ ለቅዳሜና እሑድ ሁሉ ቄጠማ ከጫኔ ሆነ። ከነሥሩ የተነቀለው በእርጥብ ጆንያ ሲሄድ ሳይጠወልግ እንደሚቆይ ስላየሁ ማጭዱን ትቼ መንቀል ጀመርሁ። እየነቀልሁም ለእግዚአብሔር ቤትና ለእንግዳ የሚሆን ነው እያልሁ ራሴን አመሰግን ነበር። በሁለተኛው በጋ ቦታው የተላጨ ጭንቅላት መሰለ። ጭቃው ይሸት ጀመር፣ እንግዶቼ የወባ ትንኝ በላን አሉ፣ እኔም ያን ጊዜ ረግረጉን እንደ ባዶ መሬት አየሁት። ባለቤት የለውም አልሁ። ገልባጭ መኪና የፈለገልኝ ጌታቸው ነው። ገረጋንቲና የፈረሰ ግንብ ፍርስራሽ እያመጡ ደፉበት፣ ደለደልሁት፣ በብሎኬት አጠርሁት፣ ክፍሎቹን አቆምሁ። ጌታቸው ለምርቃቱ ሲመጣ እየሳቀ፣ አንተ ሚስት ደግመህ ሳታገባ ቤትህ ወለደ አይደል እንዴ አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

ዝማሬ ብትኖር አትስቅም ነበር። እሷ የዕቃ እጣቢ እንኳ ስትደፋ የማን ደጅ እንደሚወርድ ሳታይ አትደፋም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስስት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ስም አለው። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ከየስደቱ እየተመለሰ ሰፈሩን የሞላው ያኔ ነው፤ ከእኔ በፊት ያንን ረግረግ የሚያውቅ ሰው በዙሪያዬ አልነበረም። ክፍሎቹን በሠራሁ በጥቂት ሳምንት ኛማል የምትባል ሴት ልጆቿን ይዛ መጣች። ባሏ በጦርነቱ የሞተ፣ እሷም በእኛው ሀገር ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያደገች፣ አማርኛዋ ካንቺና ከእኔ የማይተናነስ ናት። ወንዝ ዳር ካለችው ከረጃፍ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ እየገዛች ገበያ ላይ ትሸጣለች። ከኮሩ ማዶ፣ ልክ በእኔ ትይዩ፣ ጎጆ ልትቀልስ ቦታ መርጣ እንጨቷን ከመትከሏ በፊት ወደ እኔ ተሻገረች። ጋሼ፣ አንተ ቀድመኸን ነው እዚህ ያለኸው፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው እዚያ ማዶ ይወጣል ወይ አለችኝ። ከሰው ሁሉ እኔን የጠየቀችው አማርኛ ስለምናገር ነው፤ በናንተ ቋንቋ ነው ፊደል የቆጠርሁት አለችኝ። ከጀርባዬ ግንቡ ገና ኖራው አልደረቀም። እውነቱን ብነግራት ውኃው ለምን እንደሚወጣ ትጠይቀኛለች። አይወጣም፣ ግዴለሽም፣ ሥሪ አልኋት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች።

አምና ነሐሴ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ውኃው መጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የሚተኛበት ስፍራ አጣ፤ ግንቤን መታና ተመልሶ ወደ ማዶ ወጣ። ዓይኔ እያየ የኛማል የጭቃ ግድግዳ እንደ ስኳር ሟሟ። ሮጬ ገባሁ፤ ልጆቿን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ትንሿን በአንገቴ ላይ አድርጌ። ፍየሎቿና የደረቀ ዓሣዋ ግን ሄዱ። ሰው ሁሉ ከላይ መንገድ የሚሠሩት ናቸው ውኃውን የለቀቁብን አለ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ኛማል ግን ለዓሣ ገበያው ሁሉ ጋሼ ጫኔ ባይኖር ልጆቼን ቀብሬ ነበር እያለች ታወራልኝ ጀመር። እትዬ፣ ያልሠሩትን በጎነት መሸከም ከስድብ ይከብዳል። እዚያው ቦታ ላይ ጎጆዋን መልሳ ስትሠራ ሣር አቀበልኋት። ሣር ሳቀብላት አፌ ለምን አልተከፈተም? ዘንድሮ ለራሴ አብዝቼ የምጠይቀው ይህን ነው።

ለዘንድሮው ቀዳም ስዑር ደግሞ እንደ ልማዱ ቄጠማ አምጣ አሉኝ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን። ከጓሮዬ አንዲት ዘለላ የለም። ኛማል ሰማች መሰለኝ፣ ከረጃፍ ስትመለስ ከዓሣው ሳፋ በላይ አንድ ትልቅ ነዶ ጭና መጣች። ልጆቼን ስላወጣህልኝ ነው፣ ለጾምህ ማስፈቻ ይሁንህ አለችኝ። ካህኑ ቃጭል እያቃጨሉ ያንኑ ቄጠማ ሲያድሉን ተቀብዬ በራሴ ላይ አሰርሁት። ትርጉሙን አንቺ ነሽ በልጅነቴ ያስተማርሽኝ፤ ርግብ ለኖኅ የጥፋቱ ውኃ መጉደሉን ያበሠረችበት ነው ብለሽ። ያንን ብሥራት ውኃውን የላክሁባት ሴት ጭና አመጣችልኝ። ያን ዕለት ራሴን የያዘኝ ትኩሳት ይሁን ቄጠማው አላውቅም፤ ሳልበላ ተኛሁ።

እዚህ የተደረገው ምርጫ እንዳለፈ ደግሞ ሒሩት የምትባል ያገራችን ልጅ መጣች። መሐንዲስ ናት፤ የምትሠራበት የውጭ ድርጅት ሰፈራችንን ከጎርፍ ለማዳን ልኳት። ኒም ዛፍ ሥር ሰበሰበችንና ነገሩን አስረዳች። ውኃውን በኮንክሪት ቦይ አንቀን በሩጫ ብንሰደው ከታች ያሉትን ነው የሚመታው፤ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ እንስጠው፤ ዳርና ዳሩን ሣር፣ ቄጠማና ዛፍ እናልብሰው፤ መታጠፊያው ላይ ኩሬ ይኑረው፤ የልጆቹን ኳስ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብናደርገው ዶፍ ሲመጣ ውኃ ይዞ ይውላል፣ ሲደርቅ ኳሳቸውን ይጫወታሉ አለች። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ያ በንቲ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እኛ ለራሳችን ቦታ አጥተን አንቺ ለውኃ ቦታ ታድያለሽ አሏት በዓረብኛቸው። እሷም ሳቅ ብላ፣ አባባ፣ ካልሰጡትማ አምና እንዳደረገው ራሱ ይወስዳል አለቻቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጌታቸውም ወሬ አያመልጠውምና ከአማራት ድረስ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ጎንተል አድርጎኝ፣ እንግዲህ ዝናቡም አልጋ ሊይዝ ነው፣ ዋጋ ጨምር አለኝ። እኔ ግን መታጠፊያው ላይ ኩሬ ይኑረው ካለች ጀምሮ ዓይኔን ከጓሮዬ ግንብ አላነሣሁም። እግዚአብሔር ያቆመውን ኩሬ ነው እሷ በመሣሪያ ለክታ በወረቀት ላይ መልሳ የሣለችው።

በማግሥቱ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተከሉ። የተተከሉት ግን በእኔ ግቢ አይደለም። በኛማል ጎጆ መካከል አለፉ። የእኔ በኩል ከፍ ያለና ደረቅ ነው፣ የእሷ በኩል ዝቅ ያለ ነው፤ ለውኃው መንገድ የሚሆነው ያ ነው ተባለ። እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከገበያዋም ከልጆቿ ትምህርት ቤትም ርቆ፣ ሌላ ቦታ ይሰጣታል። የፊታችን ሰኞ ሎደር ገብቶ ቁፋሮ ይጀምራል፤ ዝናቡ ሳይጠና መጨረስ አለባቸው።

ኛማል እኔ ዘንድ መጣች እንጂ ሌላ ወዴት ትሄዳለች? ጋሼ ጫኔ፣ ያገርህ ልጅ ናት፣ አንተን ትሰማሃለች፣ ንገርልኝ አለችኝ። ስደት ጠግቤያለሁ፣ ሁለተኛ ዕቃ ተሸክሜ ልጆች አስከትዬ መሄድ አልችልም አለች። እሺ አልኋት። ሄድሁም። ችካሉን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጊው ምን አለበት፣ መበለት ናት አልኋት ሒሩትን። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጋሼ ጫኔ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ግን ውኃን በይሉኝታ አልመራውም፤ ከፍ ወዳለው ውጣ ብለው አይሰማኝም አለች። ቀጥላም ዓይን ዓይኔን እያየች፣ የአንተ በኩል ያለው አፈር ተፈጥሮው አልመስል ብሎኛል፤ ድሮ ዝቅ ያለ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ አዲስ ነው፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም አለች። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። እንጃ ልጄ አልኋትና ቆቤን አንሥቼ ወጣሁ። ለኛማል፣ ለመንኋት፣ እንቢ አለች አልኋት። ይህ ሦስተኛ ውሸቴ ነው፤ እንደ ጴጥሮስ ዶሮ አልጮኸልኝም እንጂ።

ለጌታቸው ጭንቀቴን ባወራው ተቆጣኝ። ዝም አይነቅዝም፣ ዝም በል አለኝ። አንተ እንግዳ ነህ፣ ነገ የሰው መሬት ደፈነ ብለው እስር ቤት ቢከቱህ ማን ይጠይቅሃል? ክፍሎቹስ ሲፈርሱ በምን ልትኖር ነው? አለኝ። ልክ ነው፤ እፈራለሁ። ፖሊሱን እፈራለሁ፣ የሀበሻውን አፍ እፈራለሁ፣ ልጅሽን አክሊልንም ያስተማርሁት በእነዚያ ክፍሎች ስለሆነ ያንቺን ማዘን እፈራለሁ። ግን ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኔን ዝምታ ከፍቶ አላየውም፤ ውስጡ ዱቄት ሆኗል።

እትዬ፣ ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር የተቀመጥሁት። መልስሽ እስኪደርሰኝ ሰኞ ያልፋል። ብቻ ለንስሐ አባቴ ለአባ ተክለማርያም፣ ጫኔ ለንስሐ የሚያበቃው ነገር አለበት፣ እስኪመጣ ድረስ በጸሎትዎ አይርሱት ብለሽ ንገሪልኝ። ዝርዝሩን በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።

ይህን የሚያደርስልሽ ስምኦን ነው፤ ነገ ቅዳሜ ይበርራል። ምሳ ጋብዢው፣ ሆቴል የሚሠራ ሰው የቤት ምግብ ይናፍቀዋል። ጋሼ ብርሃነመስቀልን እጅ ንሺልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት። ቢታንያን ሳሚልኝ፣ ማትሪክ ደርሷልና ሬዲዮውን ትዝጋው በያት። አክሊል የላከው የምረቃ ፎቶ ደርሶኛል፣ ክራባቱ ጠምዝዞታል ግን አምሮበታል። ጎረቤታችንን ሰዓዳን ሰላም በዪልኝ፤ ዝማሬ በታመመች ጊዜ ያደረገችልንን አልረሳሁም። የዝማሬን መቃብር ዝናቡ ሳይገባ ሣሩን አስጠርጊልኝ።

እትዬ፣ ደብዳቤውን አሽጌው ነበር፤ ቀድጄ ነው የምጨምርልሽ። ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ሲያወርደው ስለዋለ የስምኦን አውሮፕላን ሳይነሣ ቀረ፤ ዛሬ ሰኞ ከሰዓት ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ በመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ወደ ማዶ አየሁ። ውኃው ደጇን እየላሰ ነው። ኛማል ሎደሩን ሳትጠብቅ ዕቃዋን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ ልጆቿ ተሰልፈው ይቀበሏታል። ትንሿ የሳፋ ክዳን በራሷ ላይ ደፍታለች። ለምን በዚያች ሰዓት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ኮሩን ተሻገርሁ። መጀመሪያ ልረዳት የመጣሁ መስሏት ብርድ ልብስ አቀበለችኝ። ብርድ ልብሱን እንደያዝሁ ነገርኋት። ውኃ ይወጣል ወይ ስትይኝ አይወጣም ያልሁሽ እያወቅሁ ነው፤ ውኃው የሚተኛበትን ስፍራ የደፈንሁት እኔ ነኝ፤ ለሒሩትም ይህን አልነገርኋትም አልኋት።

ከትንሿ ራስ ላይ የሳፋውን ክዳን አነሣች። ከዚያ፣ ልጆቼን ስታወጣልኝም ታውቅ ነበር? አለችኝ። አውቅ ነበር አልኋት። ብርድ ልብሱን ከእጄ ወሰደችና ፊቷን አዞረች። እስካሁን አላናገረችኝም። ይገባኛል።

ከእሷ ቀጥታ ወደ ሒሩት ሄድሁ። ያች ልጅ አልተቆጣችኝም፣ አላጽናናችኝምም፤ ድንበሩ እስከ የት ነበር ብቻ አለችኝ። ሽማግሌዎቹን አስጠራችና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁሉም ፊት ከፊት ከፊት እየሄድሁ አሳየኋቸው፤ ቄጠማው ከዚህ ይጀምር ነበር፣ ውኃው እዚህ ይተኛ ነበር እያልሁ። አንዱ ሰደበኝ፣ ዋጥሁት። ሠራተኞቿ ሦስት ቦታ ቆፍረው ገረጋንቲውን ሲያልፉ ጥቁሩ የረግረግ ጭቃ ወጣ። ሒሩት ወረቀቷን አጣጥፋ፣ ችካሎቹ ተነቅለው ወደ እኔ ይሻገሩ አለች። መሬቱን በተመለከተ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ገና እጠየቃለሁ፤ ምን እንደሚፈርዱብኝ አላወቅሁም። ማታ ጌታቸው ፒክአፑን ይዞ መጣ። እብድ፣ እብድ እያለ እንግዶቼን ከነፍራሻቸው ወደ እሱ ቤት ጫናቸው።

ዛሬ ሰኞ ማለዳ ቆርቆሮውን አወረድሁ። ሎደሩ በእኔ በር ገብቶ ከጀርባው ግንብ ፊት ሲደርስ ሹፌሩን ቁም አልሁት። መዶሻ አንሥቼ የመጀመሪያውን ብሎኬት እኔው በእጄ አፈረስሁት።

ወንድምሽ ጫኔ
ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
ሚያዝያ 25 ቀን 2002 ዓ.ም.